ናርጋ፦ እናትም ልጅም አብረው የሚረግጧት ደሴት

ስንቅ ቋጥሮ፣ ልጅ አዋቂው በአንድ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት የጣና ደሴት ጉብኝት የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ለንግሥ የሚሻገረውን ምእመንና ደቅ ደሴት ላይ ተወልዶ የሚያድገውን ገበሬ ሳንረሳ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደነዚህ ደሴቶች የተሻገረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ ነበር። መነኩሴው ዓለምን ንቆ ይገባል። የንጉሡ ሬሳ ይገባል። ከቤተ መንግሥት የተጣላ መስፍን ነፍሱን ሊያተርፍ ይገባል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ታቦቱና ብራናው በታንኳ ተጭነው ይገባሉ። እናት፣ አባት፣ ልጅና አያት አብረው ቀኑን ሊያሳልፉ የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም።

ዛሬ ባሕር ዳር ወደብ ላይ፣ ሰላም በሆነበት የበዓል ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከጎንደር፣ ከአሜሪካና ከእስራኤልም ለዕረፍት የመጣ ቤተሰብ ጀልባ ሲከራይ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ለውጥ እወደዋለሁ። ሆኖም ደሴት ሁሉ አንድ አይደለም፤ የትኛው ለምን እንደተቆረቆረ ሳያውቁ መሳፈር ቤተሰቡን መንገድ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ለቤተሰብ የምትሆነው ደሴት የትኛዋ ናት የሚል ካለ መልሴ አንድ ነው፦ ናርጋ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። ውሃው ጠዋት ጠዋት ረግቶ ይቆይና ከቀትር በኋላ ንፋስ ሲነሣ ክፉኛ ይታወካል። ደሴቶቹ በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል። ገዳማቱን ለዘመናት የጠበቃቸው ይኸው ውሃ ነው፤ ለመሻገር የሚያስቸግር፣ ጦር በፈረስ የማይደርስበት።

የገዳማቱ ታሪክ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይደምቃል። ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክ፣ በወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር እንደነበሩ ይነገራል። ሾጣጣ ኮረብታ በሆነችው በዚያች ደሴት ዕቃ ቤት ውስጥ የነገሥታት አስከሬኖች ይታያሉ። የገዳሙ ትውፊት ይኩኖ አምላክን፣ ዳዊትን፣ ዘርአ ያዕቆብን፣ ዘድንግልንና ፋሲልን ይቆጥራል። በሕይወት ሳሉ ከአንድ ድንኳን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ አገር የገዙ ሰዎች፣ ሲሞቱ ማንም በቀላሉ የማይደርስባቸው ስፍራ ተመረጠላቸው። ወደ ባሕር ዳር የቀረበው ክብራን ገብርኤል የተገደመው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ዘዮሐንስ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና በሥዕል ያጌጠው የክብራን ወንጌል ከአገራችን ጥንታዊ የብራና ሥዕሎች መካከል ከፍ ያለ ቦታ አለው። በ1968 ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት የክብራንንና የአንዳንድ ሌሎች ደሴቶችን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲያነሣ፣ የዓለም ምሁራን ያልጠበቁት ሀብት ነበር ያገኙት።

ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባባቸውም። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ መነኮሳቱ ከገቡት ቃል ጋር የተያያዘ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጊዜ እኛም ቤተሰብ ሆነን ክብራን ሄደን ነበር። የተከራየነው ባለጀልባ ሴቶቹ እንደማይወርዱ የነገረን ደሴቷ ዳር ከደረስን በኋላ ነው። እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ከጀልባው ላይ እንደተቀመጠች ዛፎቹ ወዳሉበት ዞራ ተሳለመችና «ሂዱ፣ ከደጅ መሳለምም ያው ነው» አለችን። እህቴና ልጇ አጠገቧ ቀሩ። እኛ ወንዶቹ ወጥተን ቶሎ ተመለስን፤ ያየነውንም ለመናገር አፋችን ተያዘ። ቢነገረን ኖሮ ሴቶቹ ሊወርዱባት የሚችሉት እንጦስ ኢየሱስ እዚያው ጎን ነበረች፤ ትንሽ ሄድ ብሎም በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለ። ጀልባ የሚያከራይ ሰው ይህን ከወደቡ ሳይነሣ መናገር ግዴታው ነው።

ደሴቶቹ ቤተሰብን ሲለያዩ የኖሩበት ሌላም መራራ ታሪክ አለ። ታላቁ ኢያሱ፣ የክብራንን ቤተ ክርስቲያን እንዳሳደሰ የሚነገርለት ንጉሥ፣ የሚወዳት ዕቁባቱ ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞትበት ኀዘኑ አሸንፎት የመንግሥቱን ሥራ ትቶ ወደ ጣና ደሴት ገባ። ጎንደር ላይ የቀሩት መኳንንት ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ንጉሡ በ1706 በደሴቷ ላይ እንዳለ በልጁ ሰዎች እጅ ተገደለ፤ የተቀበረውም በዚያው ሐይቅ በምጽራሐ ደሴት ነው። ሕዝቡ ልጁን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። አባት ኀዘኑን ሊያስታምም የገባበትን ውሃ ልጅ መግደያው አደረገው።

የኢያሱ ሌላ ልጅ በካፋ ከ1721 እስከ 1730 ነገሠ። የበካፋ ሚስት ከቋራ የመጣችው ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ እኛ ምንትዋብ የምንላት፣ በዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ የተባለችው። ባሏ ሲሞት ልጇ ኢያሱ ሕፃን ነበር። በ1730 ራሷ ዘውድ ደፍታ ከልጇ ጋር መግዛት ጀመረች፤ በጎንደር ከአንድ ትውልድ በላይ ያለ እሷ ፈቃድ ትልቅ ነገር አልተሠራም። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠራች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ደግሞ ከደቅ ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ጠብ ባለች መሬት ላይ፣ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አቆመች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ምንትዋብ ናርጋን ስትመርጥ የባሏ አባት በዚሁ ሐይቅ ከተገደለ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነበሩ። ከደሴቶቹ ገዳማት ስመ ጥር የሆኑት ወንዶች ብቻ የሚገቡባቸው ስፍራዎች ነበሩ። እሷ ግን ሴት ሆና፣ ንግሥት ሆና፣ በስሟ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን በሐይቁ መካከል ተከለች። ናርጋ ዛሬም ሴቶች የሚገቡበት ገዳም ነው። ያንን በምን ሐሳብ እንዳደረገችው ልቧን ማንበብ አይቻልም፤ ሥራዋ ግን በድንጋይና በኖራ ቆሞ ይታያል። ግቢው በካብ ቅጥር ታጥሯል፤ መግቢያው ግንብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈው ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው።

የሥዕሉ አሣሣል የእሷ ዘመን ልዩ ምልክት ነው። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት ይሉታል። ፊትና አንገት በጥላ ይሞላል፤ ልብሱ በአበባና በመስመር ያጌጣል፤ ከበስተ ጀርባ ቀዩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ እየፈዘዘ ይሻገራል። በቀደመው የጎንደር ሥዕል ቀለሙ ይበልጥ ዝርግና ጥርት ያለ ነበር። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበት ሲሆን፣ ከእግሯ ሥር እቴጌዋ ራሷ ተደፍታ ትታያለች። አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት በገዛ ዘመኗ፣ ራሷ ባሠራችው ቤት ውስጥ ተሥላ እናያት ዘንድ የቀረልን እንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የደረሰባት ነገር የቤተሰብ ሰቆቃ ነው። ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጇ ኢዮአስ ነገሠ፤ በእሷና በምራቷ በውቢት መካከል ግን የሕፃኑ ሞግዚት ማን ትሁን በሚል ጠብ ተነሣ። የቋራ ወገንና የውቢት ወገን ተፋጠጡ። ለማስታረቅ የተጠራው የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ገብቶ አገሩን በእጁ አደረገ፤ በ1769 ኢዮአስ ተገደለ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። እቴጌዋ ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ ቁስቋም ተቀመጠች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያገኛትም እዚያ ነው፤ በ1773 አረፈች። በ1888 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከእሳቱ አልተረፈም። ናርጋን ግን ውሃው ጠበቃት። በየብስ ላይ ያሠራችው ፈርሶ በሐይቅ ላይ ያሠራችው ቆየ።

ይህ ሁሉ ድንጋይ፣ ጧፍና እህል በምን ተሻገረ? በታንኳ። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት አገልግሎት በኋላ ውሃ ጠግቦ ስለሚከብድ ይደርቃል፣ ሲበሰብስም ይተዋል፣ አዲስ ይታሰራል። ይህን ጥበብ ይዘው የኖሩት በሐይቁ ዳርቻ ያሉት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው አርክሰዋቸው፣ አብሯቸው የሚበላ ሳይኖር ለዘመናት ኖረዋል። ብሩስ በ1770 በዚያ ሲያልፍ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጠይቁ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሐይቁን ታሪክ ስናወራ ንጉሥና መነኩሴ ብቻ መቁጠራችን ትክክል አይደለም። ገዳማቱ የቆሙት በደንገሉ ላይ ነው፤ ደንገሉን ያሰሩት እጆች ደግሞ ከማዕድ ተገልለው የኖሩ ናቸው። ባሕር ዳር የሄደ ቤተሰብ ለልጆቹ ይህንንም ይንገር።

በሐይቁ ላይ የነበረው ጉዞ እስከ ትናንት ድረስ በዚሁ በታንኳ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን ደሴቶቹን አንድ በአንድ የዞረው በታንኳ ነው፤ በ1936 ያሳተመው መጽሐፍም በሐይቁ ላይ ከተጻፉት ዝርዝር ሥራዎች አንዱ ሆኗል። እንግሊዞች የመጡት ለደሴቶቹ ብለው አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ላለመፍቀድ ተስማምተው ነበር፤ ጣና በካይሮና በለንደን የሚታወቀው በዚህ ነበር።

ሞተር የመጣው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ጀልባ ይመላለስ ጀመር፤ ትንሿ የባሕር ጊዮርጊስ መንደርም ወደ ከተማነት ተሸጋገረች። ከነጻነት በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊቴክኒኩ፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫው ተከታትለው ተሠሩ። ደመወዝ የሚበላ፣ እሑድ የሚያርፍ፣ ልጆቹን ወደ ሐይቅ ዳር የሚያወጣ ሰው የተፈጠረው ያኔ ነው። የቤተሰብ ሽርሽር ከፋብሪካ ፉጨትና ከትምህርት ቤት ደወል ጋር የመጣ ነገር ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ወደ ናርጋ የሄድነው ከክብራኑ በኋላ በሌላ ጊዜ ነው። ወደ ደቅ ምዕራብ ዳርቻ የሚደረገው ጉዞ ረጅም ነው፤ እንደ ሞተሩ ጉልበት ሁለት ሰዓት ተኩልም ሦስትም ይፈጃል። ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ዘጌን በስተ ግራ ትተን ካለፍን በኋላ የዳጋ ኮረብታ ከሩቅ ብቅ ይላል፤ ደቅ ደግሞ ከጎኑ ዝርግ ብሎ ተኝቷል። የጀልባችን ነጂ እዚያው ያደገ ነበረና የትኛው መንደር የማን እንደሆነ ለልጆቹ እየነገረ ወሰደን። በዚህ ጊዜ ከጀልባው የቀረ ሰው አልነበረም። እናቴ ከቅጥሩ በር ስትደርስ ድንጋዩን ስማ ጫማዋን አወለቀች። ቁልፍ ይዘው የመጡትን ቄሰ ገበዝ «ይፍቱኝ አባቴ» አለቻቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ግቢ እናቴ፣ ከሩቅ ነው የመጣችሁ?» አሏት። ያን «ግቢ» ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

መጋረጃው ተገልጦ ሥዕሉ ሲታይ የእህቴ ልጅ እቴጌዋን አየቻትና ቄሰ ገበዙን ጠየቀች።

«አባባ፣ መሬት ላይ የወደቀችው ሴትዮ ማን ናት?»

«ይህን ቤት ያሠራችው ንግሥት ናት፣ ልጄ።»

«ንግሥት ሆና ለምን ትወድቃለች?»

«ከሷ የምትበልጥ ንግሥት ፊት ናታ!»

ልጅቷ ረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ከዚያ ወዲያ ምንትዋብን ማንም አላስጠናትም፤ ራሷ ስለ እሷ ታወራለች። ከግቢው ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ዳቦና የድርቆሽ ፍርፍራችንን በላን፤ ከደቅ የመጡ ልጆችም ተቀላቀሉን። ነጂያችን ንፋሱ ሳይነሣ እንድንመለስ ስላሳሰበን ከቀትር በፊት ተነሣን፤ ያሳሰበውም በደንብ ገብቶናል፤ ዘጌ አካባቢ ስንደርስ ማዕበሉ ጀልባችንን መምታት ጀምሮ ነበር።

ደሴቶቹ የቆዩት ውሃው ስለነበረ ነው፤ ውሃው ግን ዛሬ ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ከሐይቁ በሚወጣው ዓባይ ላይ በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ የውሃው ከፍታ በሰው እጅ የሚታዘዝ ሆነ፤ በ2003 ውሃው እጅግ ሲወርድ ጀልባዎች ተቸግረው ነበር። ከ2010 ወዲህ የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት እያመነጨ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። በ2011 ከመገጭ አፍ አካባቢ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ብዙ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ አስለቅሷል፤ ወጣቶችና ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን አረሙን አይነቅልም፤ የደንገሉንም ቦታ አይመልስም። በሐይቁ ብቻ ከሚገኙት የባርቦ ዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ እንቁላል የሚጥሉት ወደ ወንዞቹ እየወጡ ነው፤ ወንዞቹ አፍ ላይ የሚጣል መረብና ደለል ዘራቸውን ይቀንሰዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአማራ ክልል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን ርቆ እንዲቆም አድርጎታል፤ ጀልባ ነጂዎችና አስጎብኚዎች ከባድ ዓመታት አሳልፈዋል። ሰላም ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው የውጭ ጎብኚ አይሆንም፤ የአገሩ ቤተሰብ ነው። ለእሱ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ጀልባ የሚያከራዩ ማኅበራት ወደቡ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ያቁሙ፦ የትኛው ደሴት ሴት እንደሚገባበት፣ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ጀልባው በሙሉ ስንት እንደሚከራይ ይጻፍበት። ለሕፃናት ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ያዘጋጁ፤ የአዋቂው ሕፃን ላይ ይወልቃል። ገዳማቱም ለልጆች የሚያስረዳ አንድ አንደበተ ርቱዕ ዲያቆን ቢመድቡ የሥዕሉ ታሪክ ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ይስፋፋል። እናንተ ደግሞ ወላጆች፣ ስትሄዱ ጧፍና ዕጣን ያዙ፤ ያመጣችሁትን ላስቲክና ጠርሙስ መልሳችሁ ውሰዱ፤ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ክብራንን ወንዶቹ በሌላ ቀን ይሂዱበት። የመጀመሪያውን ቀን ግን አያትየውንም ሕፃኗንም ይዛችሁ ናርጋ ውሰዷቸው።